ማጣሪያው ያስቀራቸው አሥራ አንድ መልእክቶች

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት
ከሱቄ ጠረጴዛ ላይ

በማንም ለማልለውጥሽ፣ ለአንድ ልጄ፤

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ እኔው ነኝ። ይህ መስመሩን ጠብቆ የሚሄድ ጽሑፍ የአባትሽ የእጅ ሥራ ነው። በማታ ትምህርት ቤቱ ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ሥጋ ሻጩ ነው፤ እሱም አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። መምህርቷ «አባባ፣ ከጉራዎ በቀር የማርመው ነገር አላገኘሁም» ብላኛለች።

ጉራው ይቆየንና ዋናውን ላስቀድም፤ የምታነብልሽ ሰው ሥራ ይዟት ግማሽ ላይ ልትተወው ትችላለች። ልጄ፣ አልተቀየምንሽም። ዝም ያልንሽ ጨክነን አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ የጻፍሽልን አሥራ አንድ መልእክት አልደረሰንም ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያገኘሁት ገና ሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በታብሌቱ አራት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ መልስ የለም። ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ፤ «እባክዎ ይጠብቁ» የምትል ሴት ሙዚቃ ታሰማኝና ስልኩን ትዘጋብኛለች። ስለዚህ አድራሻውን ከመልእክትሽ ላይ ገልብጬ ይህን በወረቀት እልካለሁ። ቋንቋችንን የምትችል ነርስ አለች ብለሻል። እህቴ ነርሷ፣ ሌላውን ብትዘይው እንኳ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቢላት።

አሁን እንዴት እንደሆነ ላውራሽ።

በመጨረሻ ስንደዋወል «አባዬ፣ ልጄ ታብሌቱ ላይ መጥፎ ነገር እንዳታይ ቤት ውስጥ ማጣሪያ አስገባ» አልሽኝ። «ለጊዜው መደወል አልችልም፣ የሥራ ሰዓቴ ተቀይሯል፤ አንተም ማንበብ ችለሃልና እጽፍልሃለሁ» አልሽኝ። ድምፅሽ ሻክሮ ነበር። ጉንፋን ነው አልሽ። እኔ ሞኙ «ማንበብ ችለሃል» የምትለዋ ብቻ ጆሮዬ ውስጥ ቀርታ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋውን ሰውዬ ጠራሁት፤ ሰፈሩ ባለመሰላሉ የሚለው። ራውተሩን ገና ካልተሞረዱ ቁልፎቼ ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ማስረዳት ጀመረ። «ማጣሪያ ማለት ጋሼ፣ እንደ በር ጠባቂ ነው። የሚገባውን ሁሉ እያየ ያሳልፋል፣ ወይ ያስቀራል።»

«አርባ ዓመት የሰው በር ሲቆልፍ ለኖረ ሰው ስለ በር ልታስተምር ነው?»

«ይቅርታ፣ ረስቼው» አለና ሳቀ። መጥፎ መጥፎውን ገጽ በሩብ ሰዓት ዘጋጋው። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን አወጣልኝ። «ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው። እዚህ የጻፉት ቃል ያለበት መልእክት ታብሌቱ ላይ አይወጣም፤ ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል። እርስዎ በፓስወርድ ገብተው፣ አይተው ያሳልፉታል። እየገቡ ይዩት ታዲያ!» ይህን ብሎኝ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ለአዲስ ጸሐፊ ባዶ ሳጥን አይሰጥም፣ ልጄ። መጀመሪያ የሰፈሩን ስድብ በሙሉ ጻፍኩ፤ ሠላሳ አራት ሆነ። የረሳሁት እንዳይኖር ሥጋ ሻጩን ጠራሁት፤ ሳይተነፍስ ስድስት ጨመረልኝ። በዚህስ አንደኛ እሱ ነው።

ከዚያ ቆም አልኩ። ፍንጭቷ ልጅሽ አያቷ ካረፈች ወዲህ የምትጠይቀውን ታውቂያለሽ። «መሬት ውስጥ ይበርዳል?» «ሞት በር ያንኳኳል ወይስ ዝም ብሎ ይገባል?» እኔ ደግሞ የሚመጣልንን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፤ ሌላ ንባብ አልችልም። አዲስ አንባቢ ቃሉ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከወጣ ደግሞ አይዋጥም። አንድ ቀን ጋዜጣ ሳነብላት እንዲያ ሆኖ ሦስት ቀን እህል አልቀመስም ብላኛለች። ስለዚህ ጨመርኩ። ሞት። ሕመም። ሆስፒታል። ደም። መርፌ። ሐኪም። ኦፕሬሽን። የእጅ ጽሑፍ ባይሆንም ደስ ብሎኝ አየኋቸው። «እናንተ ከዚህ ቤት ደጃፍ አታልፉም» አልኩና ቆለፍኩ።

ማቆያውን ግን እርግፍ አድርጌ ረሳሁት። በእኔ ሙያ የተቆለፈ ነገር ተቆልፏል። ተመልሶ የሚነካካው ደንበኛ ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ሥራውን አይጠራጠርም።

መጀመሪያ ላይ አጫጭሮቹ ይገቡ ነበር። «ደህና ነኝ።» «ሳማት።» «በርቱ።» በታኅሣሥ እነሱም ቀሩ። አኮረፍኩ፣ አልዋሽሽም። ከተማውን ለምዳ ረሳችን አልኩ። ልጅሽም ታብሌቱን «ባዶ ነው፣ አልፈልገውም» ብላ ሰጠችኝ። የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ አውጥቼ አየዋለሁ። የሣጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ገላዬን ስታጠብም አላወልቀውም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሱቄን የናሙና ሰሌዳ ታስታውሺዋለሽ፤ ሃያ ስምንት ዓይነት የበር ቁልፍ የተመታበት። ከኋላው ጡብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቸነከርኩት ራሴ ነኝ። አንድ ጧት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ልጅሽ በርጩማ ላይ ቆማ፣ መሃል ላይ ባለው የናስ ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አገኘኋት።

«ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?»

«እሽሽ... አባባ፣ እማዬ እያወራች ነው።»

«ምን ትላለች ታዲያ?»

«ድምፅ የላትም። አንገቷ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመውባታል። ግን ታወራለች።»

ሳቅኩ። «በቁልፍ ቀዳዳ ወሬ የሚሰማ ቢሆን እኔ የስንቱን ጉድ አውቅ ነበር!» አልኳት። ሌላ ጊዜ በቀልዴ የምትንከተከተው ልጅ ዞራም አላየችኝ። እሷ ወጥታ ስትሄድ፣ እንዳትስቂብኝ፣ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ናሱ ግን ሞቆ ነበር። ጆሮዋ አሙቆት ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ ሆነ። ዳቦዋን እየበላች፣ እንደ ተራ ነገር ትነግረኛለች። «አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ስትተነፍስ ታፏጫለች።» ሌላ ቀን፣ «መስኮቱ ተሰንጥቋል፣ በፕላስተር ለጥፈውታል።» አንድ ቀን ደግሞ፣ «ጸጉሯን ላጯት። አባቴ ቢያየኝ ጎረምሳ መሰልሽ ይለኛል ብላ ሳቀች።» እውነትም እንዲያ ነበር የምልሽ። ግን የልጅ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። «እማዬ ለምን አትመልስልኝም ትላለች» ስትለኝ እንኳ «እሷ ናት እንጂ የማትመልሰው!» ብዬ ጮኽኩባት። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ሰኞ ጧት ኢንተርኔቱ ጠፋ። ራውተሩ ቀይ መብራት ያበራል። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ እፍ አልኩበት። ልሰድበው ብዬ ስድቡን ሁሉ እኔው እንደከለከልኩት ትዝ አለኝ። ባለመሰላሉ መጣና ገመዱን አጠበቀው፤ ላልቶ ኖሯል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ እግረ መንገዱን ማጣሪያውን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ማቆያው ውስጥ ምን ሰብስበው ነው?»

«ምን አለበት?»

«አሥራ አንድ መልእክት። ሁሉም ከአንድ ሰው።» ስሙን አነበበ። ስምሽን።

ልጅሽ በምትቆምበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከአንዱ እስከ አሥራ አንዱ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «አባዬ፣ ጉንፋን አይደለም። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር አግኝተዋል። ድምፄን ለጊዜው ይወስዱብኛል፤ ለዚህ ነው እጽፍልሃለሁ ያልኩህ።» ሦስተኛው ላይ የምታፏጨዋ ሴትዮ አለች። አምስተኛው ላይ የተሰነጠቀው መስኮትና ፕላስተሩ። ሰባተኛው ላይ፣ «ጸጉሬን ላጩኝ። ለነርሷ፣ አባቴ ቢያየኝ ጎረምሳ መሰልሽ ይለኛል አልኳት።» ቃል በቃል፣ ልጄ። ቃል በቃል።

ልጅቷ ያለችኝን ለባለመሰላሉ ነገርኩት። «ከፍታ አይታው ይሆናላ» አለና መዝገቡን አየ። ደግሞ አየ። «ጋሼ፣ አንዱም አልተከፈተም። ሁሉም ‹ያልተነበበ› ነው የሚለው። ከዛሬ በፊት ማንም አልገባም።»

«ታብሌቱም ሣጥን ውስጥ ነው» አልኩት ቁልፉን ከአንገቴ እያወጣሁ። «ደግሞስ ፊደል መች ቆጠረች? ትምህርት ቤት የምትገባው ለከርሞ ነው።»

ይህን ጊዜ ልጅሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደረሰልህ?» አለችኝ። ሰውዬው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጣ። መሰላሉ ይኸው በሬ ላይ ቆሟል፤ ሊወስደውም አልመጣም።

አሥራ አንደኛውን ግን እንዴት ብዬ ልጻፈው። «አባዬ፣ ሁለተኛው ኦፕሬሽን ሐሙስ ነው። አሥር ጊዜ ጻፍኩልህ። ተቀይመኸኝ ከሆነ ልክ ነህ፣ ልጄን ጥዬብህ ሄጃለሁ። አንድ ቃል ብትጽፍልኝ ይዣት እገባ ነበር።»

አንድ ቃል! እኔ አርባ ሰባት ቃል ጽፌ ነበር። ሁሉንም በር ላይ ለጥፌ።

ያ ሐሙስ ዛሬ ሳምንቱ ነው።

ወዲያው «ኦፕሬሽኑ እንዴት ሆነ?» ብዬ ላክሁ። እሱንም ማጣሪያው ያዘው፤ የራሴ ጠባቂ የራሴን ጥያቄ አስቀረው። አርባ ሰባቱን አንድ በአንድ ደመሰስኩ፤ ሲጻፉ የፈጠኑት ሲጠፉ ዘገዩ። ያንኑ ደግሜ ላክሁ፤ ከዚያም ሁለት ጨመርኩ። «ደርሷል» ይላል። «ተነቧል» የሚለው አይመጣም።

ልጅሽ መንገሯን አልተወችም። ማክሰኞ፣ «አልጋዋን ወደ ግድግዳው አዙረውታል፣ መስኮቱ ጋ ማንም የለም» አለችኝ። ይህ ከአሥራ አንዱ በአንዱም የለም። እውነት ነው? እባክሽ ሐሰት ነው በይኝና ልጅሽን በውሸቷ ልቆጣት። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ወደ ሰሌዳው መሄዷን ትታለች። ለምን አልኳት።

«አያስፈልግም፣ አባባ። አሁን ቀርባለች።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አባትሽ ደፋር ነው ብዬ ስፎክር የኖርኩት ውሸት ነው። ድነሽ ልትመጪልን መንገድ ጀምረሽ ይሆናላ፤ መቅረብ ማለት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ክፍልሽን አጽድቼዋለሁ። ለበሩም አዲስ ቁልፍ ሠራሁለት፤ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት።

አሁን ይህን ስጽፍ ልጅሽ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ወረቀቱ ለእሷ ተገልብጦ ነው የሚታያት፤ ብታነብም በክንዴ ጋርጄዋለሁ። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ፈገግ አለች።

«ምን አገኘሽ?»

«እማዬ እያነበበች ነው።»

«ምኑን?»

«የምትጽፈውን። እየደረሰችብህ ነው፤ ቀስ በል ትልሃለች።»

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ልጅሽ ፊቷን ኮሶ አስመሰለችና እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች። «አታቁም! ስታቆም ይብስባታል። ጨርሰህም አታቁም ትላለች።»

ስለዚህ እየጻፍኩ ነው ልጄ። የምጽፈው ቢጠፋብኝም እጽፋለሁ። ውጭ ፀሐይ ነው። አንዲት ሴትዮ የተሰበረ ቁልፍ ይዛ መጥታ በምልክት ነገ ተመለሽ አልኳት። ሥጋ ሻጩ በመስኮት አይቶኝ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ። ልጅሽ ትናንት አንድ ጥርስ ነቅላለች፤ አላለቀሰችም። ፖስታ ገዝቻለሁ፣ አድራሻውን በትልልቁ ጽፌበታለሁ፣ ዛሬ ከሰዓት እልከዋለሁ። ደብዳቤ የሚላከው አልጋ ላይ ሆና ለምትጠብቅ ሰው ነው፤ አንቺም አልጋሽ ላይ ነሽ።

ጉሮሮሽን ይዳብስልሽ። ድምፅሽን እንደወሰዱት ሳይሆን አጣፍጦ ይመልስልሽ። ያነበበችልሽን ነርስ እጇን አያሳጣት። የልጅሽን ወግ ማዕረግ በዓይንሽ ለማየት ያብቃሽ። የእኔን ዕድሜ፣ የቀረችውን፣ ከፈለግሽ እንዳለች ውሰጃት፤ ጥሩ ዕድሜ ናት፣ ብዙም አልተጠቀምኩባትም።

የማይቀየምሽ
አባትሽ

ፊርማዬን አየሁ ብለሽ እንዳትሄጂ። ወረቀቱን ገልብጪው፤ በጀርባውም እየጻፍኩ ነው።