የምድር እምቧይ ሥር

አምበር፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘው መሪጌታ የሺዋስ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትሽ ነው። እንዳያሳምረው አስጠንቅቄዋለሁ።

ልጄ የኔአለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽ ሶልያናስ እህል ቀመሰች? እኛ ደህና ነን። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ የሶልያና ሐኪም የምታነበው ወረቀት ያስፈልጋል ብዬ ነው።

የአጎትሽ ልጅ እንዳላማው ትናንት ከአዲስ አበባ ገብቶ ሁሉን ነገረኝ። የልጅሽ ሆድ ያበጠው ጉበቷ ላይ በወጣ ካንሰር ነው አለኝ። በሦስት ዓመት ሕፃን! ስንት በሬ አርጄ ስንት ጉበት በልቻለሁ፤ የልጅ ጉበት እንዲህ እንደሚታመም ግን አላውቅም ነበር። ሐኪሟ "ብዙ ልጅ ላይ አናየውም፤ በመድኃኒት አሳንሰን በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን፤ የሚድኑ አሉ" ብላችኋለች። ደግ። ነገር ግን ደሟ ሲመረመር ጉበቷን ሌላም ነገር ጎድቶታል፤ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ መድኃኒቱ አልተጀመረም። "የሀገር መድኃኒት ጠጥታለች?" ብትልሽ "ኧረ የለም" አልሻት አሉ።

ለምን እንዳልሽ አውቃለሁ። ያስማልኩሽ እኔ ነኝ። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይከሽፋል። አባቴ ስሙን የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው፤ ለወንድሞቼ እንኳ አልነገረም። ከይጁቤና ከጉንደ ወይን ሰው በቅሎ እየጫነ ደጄን የጠናው በዚያ ነው።

አሁን መሐላሽን ፈትቻለሁ፤ ንገሪያት። የማርቆሱ ሐኪም "ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዷት" ሲል "ጣፊያ ነው" ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሃያ አንድ ቀን በባዶ ሆዷ፣ በማር በጥብጬ ያጠጣኋት የምድር እምቧይ ሥር ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

የሺዋስ ብዕሩን አቁሞ ሳቀ። "አያ ገዳሙ፣ ሃያ ዓመት ይንገሩኝ ብዬ የለመንኩዎት በየአጥሩ ሥር የምንረግጠውን ነው?" አለኝ። "ጻፍ!" አልኩት።

ሥሩን ከነአፈሩ በጨርቅ ቋጥሬ በእንዳላማው ልኬልሻለሁ። የለካሁበትም ስኒ አብሮ አለ፤ ሐኪሟ መጠኑን ትየው። መጀመሪያ ግማሽ ነበር። አልሻላት ሲል ሞላሁት። "መረረኝ" ብላ ፊቷን ስታዞር አንቺ በረት ነበርሽ፤ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ለሐኪሟ ንገሪያት። መቆጣት ካለባት ትደውልና እኔን ትቆጣ፤ አነሳለሁ። አንቺን ግን እንዳትናገርሽ።

ዛሬ ጠዋት የእነአንሙት ቤት ሰዎች ልጃቸውን አዝለው መጥተው ነበር። "ጤና ጣቢያ ሂዱ" ብዬ መለስኳቸው። "ኮራብን" ብለው ሄዱ። ይበሉ።

አንቺም ብዪ፤ አስታማሚ ከከሳ ታማሚ ይፈራል። እግዜር የሐኪሟን እጅ ያቅናው። ሶልያናን በእግሯ እየሄደች ከቤቴ ያግባልኝ፤ ያን ጊዜ ብትሸሸኝም አልቀየማትም።

አባትሽ ገዳሙ ሙላት

በል የሺዋስ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ጣቴን የማትመው ከሰማሁት በኋላ ነው።