በዶልማ በር ላይ የተጠራ ስም

ውዴ ዮድሮን፦

ከዶልማ በር፣ ተሳላሚዎች ከሚሻገሩት የተራራ ማለፊያ፣ አሁን ወርደን ድንኳን ውስጥ ነን። ከማስጎበኛቸው ስድስት ሰዎች አንዷ፣ ሄንድሪካ የምትባል ሆላንዳዊት፣ የሟች ባሏን ባርኔጣ ይዛ መጥታ ሰው የሙታኑን ልብስ ከሚተውበት ቋጥኝ ላይ አኖረችው። ነፋሱ ጠለፈው። አንዲት ዘላን አሮጊት ሮጠው ያዙትና ድንጋይ ጫኑበት። "ስሙ ማን ነበር? በጸሎቴ ላንሳው" አሏት፤ ተረጎምኩላት።

"የማያውቁትን ሰው?" አለች።

"ለማውቃቸው ብቻ ብጸልይማ ገና በጠዋት ጨርሼ ቁጭ ባልኩ ነበር!"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ፣ የማንን ስም ልጨምር? ወይስ ሰው ስትመሪ የራስሽን ረሳሽው?"

እዚያ አሥራ አንድ ጊዜ ቆሜ ልማዱን ለሰው አስረድቻለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እንደምታውቂው ጊያንጼ ከተማ እኛ ቤት የሞተ ሰው ስም አይነሳም፤ የእማዬ ስም ከአፌ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። "ላዞም" አልኳቸው። እንባዬ ቀደመኝ። ሁሌ እኔ የምጠብቃቸው እንግዶች ዛሬ እነሱ እኔን ጠበቁኝ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። እናትሽንም፤ "እማዬ" ስትያቸው "ወዬ" የሚሉሽ በሕይወት እያሉ ደጋግመሽ ጥሪያቸው።

ያንቺዋ ቼድን