ለአቶ ገብረ ሕይወት፣ ባሉበት

ጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? አንኮበር ወርደን ከአባባና ከእማማ ጎን ካሳረፍንህ ወር አልፎ ሳለ ጤናህን የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። የግብር ክፍሉ ባለፈው ሳምንት በስምህ ደብዳቤ ጽፎልሃል። ከስምህ ቀጥሎ «ባሉበት» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ነዋሪ መሆንህ ተረጋግጧል ይላል። ማኅተም ተመትቶበት ነዋሪ የተባለን ሰው፣ እንደ እኔ ያለ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሞቷል ብሎ ቢከራከር ነውር ስለሚሆን፣ እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ጤናህን ጠየቅሁ። መልሱን በአንተ ፈንታ እኔ እጽፋለሁ፤ አንተ እንደ ወትሮው ፊደሌን አርምልኝ።

ለክቡር አቶ ወርቅአገኘሁ፣ የግብር ክፍሉ ዋና ሹም፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ይልቁንም የኩላሊትዎን ጤና አምላክ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። ኩላሊት ሲታመም ቪዛ እንደሚያስፈልገው ከወንድሜ ስላየሁ፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁትም፣ በታሸገ ፖስታ ያስገባናቸው ማመልከቻዎች እንደታሸጉ መቅረታቸውን ስለተረዳሁ ነው።

አንደኛ፤ ወንድሜ ገብረ ሕይወት ወልደ ሰንበት ከቀይ ባሕር ማዶ ለሚገኝ የውጭ አገር አየር መንገድ አብራሪ ነበረ። የሚያድረው እዚያ፣ ደመወዙን የሚቀበለው እዚያ፣ ግብሩንም የሚከፍለው ለዚያው አገር ነበረ። እዚህ የነበርነው እኔና ይህች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነን። ክፍልዎ ግን ቤትና ወንድም ያለው ሰው የትም ቢበር የደብረ ብርሃን ነዋሪ ሊባል እንደሚችል ስላስተማረን አመሰግናለሁ። ከሠራተኞችዎ አንዱ፣ ሰማይ ላይ ሳለህ ለማን ነው የምትገብረው ብሎ ሲቀልድበት፣ ወንድሜ ሰማይ ባላባት የለውም ብሎ ስለመለሰ ቢሮው ሁሉ ስቆ ነበር። ያ ሳቅ ከክፍልዎ ሳንመላለስ ያገኘነው ብቸኛው ነገር ስለሆነ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለተኛ፤ በግንቦት ለዕረፍት እንደመጣ ታመመ። ሐኪሙ ኩላሊቱ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ሲል፣ አሠሪው አየር መንገድ ቶሎ ና፣ እዚህ እናሳክምሃለን ብሎ ጻፈለት። ከአገር ለመውጣት ግን ከግብር ዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም የሚገኘው ከእርስዎ ዘንድ ነው። ክፍልዎ፣ አስቀድሞ ነዋሪ መሆን አለመሆኑ ይጣራ አለ። ማጣራት መልካም ነገር ነው። እናታችንም ጠላ ስታጣራ አትቸኩልም ነበር፤ ነገር ግን እንግዳው ሳይነሣ ታደርስ ነበር።

ወንድሜ ክንዱ ላይ ወርቃማ መስመር ያለበትን የሥራ ኮቱን ለብሶ በየጠዋቱ ደጅ ሲጠና፣ ከበሩ የማይጠፉት የክፍልዎ ዘበኛ፣ የአሊዩ አምባው ጋሽ ዓወል፣ የጦር መኮንን መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡት ነበር። አለመሆኑን ከነገራቸው በኋላም ሰላምታውን አልተዉም። መቆም ሲያቅተው ራሳቸው የሚቀመጡበትን ዱካ ለቀቁለት። በክፍልዎ ውስጥ የወንድሜን ፊት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ሦስተኛ፤ ማመልከቻው «ስለ ነዋሪነት» የሚል ርእስ ነበረው። ከጸሐፊዎችዎ አንዱ «ስለ እነዋሪነት» ብሎ አንብቦት፣ ጉዳዩ የእነዋሪ ከተማ ነው ሲል ፋይሉን በበቅሎ ወደዚያ ሰደደው። ወዲያው ክረምት ገባ፤ የጅሩ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መንገዱ ተዘጋ፤ ፋይሉም እዚያው ከረመ። ስለዚህ የወንድሜ ነዋሪነት እስኪጣራ ድረስ ፋይሉ ራሱ የእነዋሪ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ይህን ሲሰማ የሚያመውን ጎኑን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው።

አራተኛ፤ ፋይሉ በጥቅምት መጨረሻ ተመልሶ እስኪነበብ ኅዳር ተጋመሰ። ሲነበብም፣ ከዓመቱ ከእኩሌታ በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው በሕግ ነዋሪ ነው ተባለ። ልውጣ ብሎ ሲለምን የከረመው ሰው፣ ስላልወጣ ነዋሪ ሆነ። በሩን ከውጭ ቆልፎ፣ እስካሁን ስለምን ተቀመጥህ ብሎ ኪራይ መጠየቅ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገኝ መምህሮቼን ጠይቄ ነበር፤ እነሱም አላወቁትም። ያን ጊዜ ጋሼ ከአልጋ አይነሣም። እነዚያ ወራት የሞተባቸው ናቸው፤ ክፍልዎ የኖረባቸው ብሎ ቆጠራቸው። መቃወሚያ ካለህ በታኅሣሥ ቅረብ ተብሎ ቀጠሮ ተሰጠው። ቀጠሮው ሳይደርስ ዐረፈ።

አምስተኛ፤ ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ወንድሜ በቀጠሮው ቀን በአካል ቀርቦ ሳለ መቃወሚያ ስላላሰማ ነዋሪነቱ መረጋገጡን፣ ግብሩን እስከ መጋቢት ካልከፈለም ቤቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ይገልጻል። ቤቱ ከተሸጠ እኔ ትምህርቴን ትቼ አንኮበር መውረዴ ነው። ጋሼ ቤቱን የገዛው እኔ እንድማርበት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ነዋሪ አይደለም ብለው ይጻፉልኝ። ሁለት ቃል ነው። ጋሼ በሕይወት ሳለ ይህች ሁለት ቃል ተጽፋለት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እውነትም ነዋሪ ይሆን ነበር። አሁን ለእኔ ቢጽፉልኝ ቤቱ ይተርፋል።

ደግሞ አልደብቅዎትም፤ ሐኪሙ ሞቷል ብሎ ጽፏል፤ አየር መንገዱም ስሙን ሰርዟል፤ ቄሱም በጸሎታቸው ከሙታን ጋር ያነሡታል። ነዋሪ ነው የሚል ወረቀት የሰጡኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲያስተካክሉት እባክዎ የፊተኛውን አይቅደዱት፤ ለእኔ ይመልሱልኝ።

ለፋይሎችዎ ደረቅ መንገድ፣ ለጸሐፊዎችዎ ብሩህ ዓይን፣ እርስዎም እንደ ስምዎ ወርቁን ከሕያዋን ዘንድ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የአንድ ነዋሪ ወንድም፣
ወልደተንሣኤ ወልደ ሰንበት
ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ለአቶ ገብረ ሕይወት ወልደ ሰንበት፤ አንኮበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከአባቱ መቃብር አጠገብ። ለወደፊቱ «ባሉበት» ብላችሁ እንዳትቸገሩ።

ሳልጽፈው የቀረ፦ ደብዳቤዎ ወንድሜ በአካል ቀርቧል ማለቱን የሰሙ ሰዎች ሐሰት ነው እያሉ ነው። ክፍልዎን ከሐሜት ለማዳን የሆነውን መናገር ይገባኛል። ከቀብሩ በኋላ አብረውኝ የሰነበቱት አክስቴ፣ እትዬ ወለተሐና፣ ወደ አንኮበር በተመለሱ ማግስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ጋሼ በየጠዋቱ ከአልጋው ሆኖ፣ ባሕር ዛፉ ላይ ያሰራትን ጨርቅ አስመልክቶ፣ ነፋሱ ከየት ነው ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ወጥቼ አየሁና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከአንኮበር በኩል ነው አልኩ። ከዚያ የእሱን ኮት ለበስኩ፤ ቀጠሮው የዚያን ዕለት ስለነበረ፣ መሞቱን ላመለክት ወደ ክፍልዎ መጣሁ። ጋሽ ዓወል ኮቱን ሲያዩ እጃቸውን ለሰላምታ አነሡ፤ ፊቴን ሲያዩ አወረዱት።

ጋሼ ለወራት ፊቱ የተመላለሰበት ጸሐፊዎ፣ ዓይኑን ከፋይሉ ሳያነሣ የጋሼን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። ቢሮውን የሞላው ባለ ጉዳይ ሁሉ ዙሪያውን ተመለከተ። ስሙ እንደዚያ ያለ መልስ ሲቀር መስማት አልቻልኩም።

«አቤት» አልኩ።

ጸሐፊዎ ቀና ሳይል፣ ቀርቧል ብሎ ጻፈ።