በጠርዙ ውስጥ የተሰፋ ስም

ለወንድሜ ለኪራን፣

ሰላምታዬ ከዘመትክበት የበረሃ አሸዋ ድረስ ይድረስህ። እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ከተማችንን ቱዉምባን ውርጭ ጀምሯታል።

ነፍሱን ይማረውና ከአባዬ ሸሚዞች ቁርጥራጭ የሰፋሁልህን ብርድ ልብስ የስፌት ማኅበራችን ሊቀመንበር ግሌኒስ ከጀርባው የሰፋሁትን ስሜን ፈትታ የራሷን ሰፋችበት። በክረምቱ የስፌት ትርኢትም አንደኛ ወጣችበት። ከትርኢቱ በፊት ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት፣ "ለወታደሮቹ ነው የምንሰፋው ወይስ ለስም? ሌላ ከፈለግሽ የወንድምሽ ሸሚዝ ተሰቅሎ የለም? እሱን ቁረጪ" አለችኝ።

እማዬ እንዳስተማረችን ጠርዙ ውስጥም ስም እንደምሰፋ ግሌኒስ አታውቅም ነበር። ስትሸለም መድረክ ላይ ወጣሁና ጠርዙን በመቀስ ተረተርኩት። በቀይ ክር "ለኪራን፣ ከእህቱ ከማርኒ" የሚለው ታየ።

"የእርስዎ ኪራን የትኛው ነው፣ እትዬ ግሌኒስ?" አልኳት።

አዳራሹ ሳቀባት። አለቀሰች፤ አላዘንኩላትም፣ አላዝንላትምም።

የላክሁልህ ሦስቱ በጨርቅ የተሰፉ ፖስታ ካርዶቼ ደርሰውህ ይሆናል፤ ፖስተኛው መልስህን ያዘገየው መንገዱ ነው ይላል። ደጃችን መኪና ሲቆም እማዬ ከጦሩ መርዶ የመጣ እየመሰላት ከወንበሯ አትነሳም፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ሰማያዊው ሸሚዝህ ተተኩሶ ተሰቅሏል። መቀስ አላስነካውም፤ መጥተህ ትለብሰዋለህ።

እስክንተቃቀፍ ሰላሙ አይለይህ፤
እህትህ ማርኒ