ሦስተኛው ፊውዝ

ሐምሌ 28
ባለቤቴ ዛሬም ጀመረች። ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያጣጠፈች፣ "የሆነ ነገር ይሸታል... ከፊውዙ ሳጥን መሰለኝ።" አፍንጫሽ ነው አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ያለ እንከን የሠራ ሳጥን! በገዛ እጄ የገጠምኩት። ጋዜጣዬን ጨረስኩ።

ነሐሴ 2
ከሰዓት ነፋሱ የጎረቤት ቆርቆሮ ነቅሎ የመንገዱ ሽቦ ላይ ጣለው። መብራቱ ቦግ ብሎ ጠፋ። ሳጥኑ ጨሰ። ማጥፊያውን በመጥረጊያ እንጨት መታሁት። ግድግዳው ጠቁሯል። የልጅ ልጃችን ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ተኝታ ነበር...

ነሐሴ 3
ባለቤቴ ሕፃኗን ይዛ እህቷ ቤት ገባች። "ያ ሳጥን ካልተቀየረ ደጃፍህን አልረግጥም።" ምን አደረግኩ? ነፋሱን የጠራሁት እኔ ነኝ?

ነሐሴ 5
ኤሌክትሪሺያን ላከችብኝ። ከልጄ የምታንስ ሴት። ገና ክዳኑን ከፈት አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው።" ያለፈበት! እኔንስ ልትለኝ ምን ቀራት? ደሜ ፈላ። ጥፋቱ የነፋሱ ነው አልኳት። ሽቦውን ዝም ብለው ያንጠለጠሉት ሰዎችም ነው። መፍቻዋን አውጥታ መፍታት ጀመረች።

ነሐሴ 6
ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።
"ይሄን ማን ነው ያሰረው?"
ወፍራም የመዳብ ሽቦ። በቀጭኑ የፊውዝ ሽቦ ፋንታ። ልጄ ስትዳር ያሰርኩት ነው... ምድጃው በተሰካ ቁጥር ፊውዙ እየተቃጠለ እንግዳ ፊት ሲያሳፍረኝ፣ ለዛሬ ይሁን ብዬ። በማግስቱ ልቀይረው ነበር።
"ቀጭኑ ቢሆን ወዲያው ተቃጥሎ ያቋርጥ ነበር፣ ጋሼ። ከዚህ በፊትስ አልሸተተም?"
ፊቴን ወደ ጠቆረው ግድግዳ አዞርኩ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእማማ አልነግራቸውም" አለች። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ጭራሽ ሊታዘንልኝ!

ነሐሴ 7
አዲሱ ሳጥን ተገጠመ። ሲሞከር እንደሚገባው ጠቅ ብሎ አቋረጠ። የመዳቡን ሽቦ ኪሴ ከትቼ ባለቤቴ ጋ ሄድኩ።
"ነፋሱ አይደለም። እኔ ነኝ።"
መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው። "ስንት ጊዜ ነገርኩህ?" ብቻ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት እኔ! በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ነሐሴ 19
ተመልሳለች። ምሳ ላይ፣ "የሆነ ነገር ይሸታል" አለች። ማንኪያዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሳጥኑን፣ ምድጃውን፣ ሶኬቶቹን ሁሉ ተንበርክኬ አሸተትኩ። ምንም የለም። ስመለስ ምግቤ ቀዝቅዟል። ሳህኑን ወስዳ አሞቀችልኝ።