የዕርቁ በግ ሠላሳ በመቶ

ለተከበሩ ጠበቃ አቶ ናትናኤል
ወልዲያ

ጉዳዩ፦ ተበልቶ ያለቀን በግ ስለማካፈል

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከሁሉም በላይ ያለ ዕረፍት ለሚያገለግለው ካልኩሌተርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከግራ እግሬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ መርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ በር ላይ መለጠፌ ንቀት እንዳይመስልዎ፤ ስልክዎ አልነሳ ስላለኝና ወደ ወልዲያ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እዚሁ ቆሞ መኪና ስለሚጠብቅ፣ አንዱ ባያደርስልኝ ሌላው ያደርስልኛል ብዬ ነው።

በሩ ላይ ቆሞ የሚያነበው መንገደኛ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ፍቅሩ የተባለ የደሴ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ከመናኸሪያው ወደ ኋላ ሲወጣ፣ እኔ ደግሞ የሳሙና ካርቶን ታቅፌ ስሻገር ተገናኘን። ሳሙናው ተረፈ፣ እግሬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ደሴ ተወስጄ ብረት ገብቶልኝ እንደተመለስኩ እርስዎ አልጋዬ ድረስ መጥተው ከመኪናው ኢንሹራንስ ካሳ እንደሚያስገኙልኝ፣ ካልረቱ አንዲት ሳንቲም እንደማይነኩ፣ ከረቱ ግን ሠላሳ በመቶ እንደሚወስዱ በሚያምር አንደበት ነገሩኝ። ቢሸነፉ ምን እንደምከፍል ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ቢያሸንፉ ምን እንደሚተርፈኝ ግን አንድም ጊዜ ሳልጠይቅ ፈረምኩ።

እርስዎም ረቱ። ለዚህ ያለኝ ምስጋና የእውነት ነው፤ ከኢንሹራንሱ ካሳ ሠላሳ በመቶው የላብዎ ዋጋ ስለሆነ ይውሰዱት፣ ይባረክልዎ። የቀረውን በሰጠሁዎት ውክልና ተቀብለው ካስቀመጡልኝ ግን ሁለት ወር አልፎታል። ሌባ እንዳይወስድብኝ አስበው እንደሆነ እገምታለሁ፤ ሐሳብዎ በእርግጥም ሠምሯል፣ ከእርስዎ በቀር ማንም አልነካውም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ገጽ ዝርዝር ልከው፣ እሱ ላይ ካልፈረምኩ ገንዘቡ እንደማይለቀቅ ገለጹልኝ። ውላችን «በአደጋው ምክንያት ከገጪው ወገን በማናቸውም መንገድ ከተገኘ ጥቅም ሁሉ» ስለሚል፣ ድርሻዎን ከኢንሹራንሱ አልፈው ከፍቅሩ ጓዳ ድረስ ገብተው ቆጥረውታል። ዝርዝሩን ሳነብ ሳቄ አልቆም ብሎኝ ደንበኞቼ ውሃ አጠጡኝ። አሁን ትንፋሼ ስለተመለሰ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ በጉ። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ሰው የጎዳ ሰው ኢንሹራንስ ከፈለልኝ ብሎ ቤቱ አይቀመጥም። ፍቅሩም ጋሽ ንጉሴንና ሌሎች ሽማግሌዎችን አስቀድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጉን እየጎተተ መጣ፤ ታረቅን፣ ተላቀስን፣ በላን። የእኔ ስህተት እርስዎን መጥራቴ ነው። እንደ ቤተሰብ ቆጥሬዎት ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጥኩዎት። በጉ በስንት እንደተገዛ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ለበዓል ሊገዙ ያሰቡ መስሎኝ፣ የተገዛበትን ገበያና የሻጩን ስም ሳይቀር ነገርኩዎት። ለካ እኔ ሳጎርስዎት እርስዎ ይመዘግቡ ኖሯል! በዝርዝሩ ላይ «በግ፣ ቀንዳም፣ አንድ» ተብሎ ከነዋጋው ሰፍሯል። ይሁንና ጥብሱን ሁለት ጊዜ ያስጨመሩ፣ ቅልጥሙንም ለብቻዎ የጨረሱ መሆኑን አሥራ አንድ ሰው ስላየ፣ ድርሻዎ በዕለቱ በዓይነት ተከፍሏል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ምናልባት መልስ ይኖርብዎት እንደሆነ እንጂ።

2. ስለ ወይዘሮ ማሚቴ። የፍቅሩ እናት ልጄ ያጠፋውን እኔ ልካስ ብለው እቤቴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሰነበቱ፤ አጠቡኝ፣ ገንፎ አገነፉልኝ፣ ሱቄንም ከፍተው ዋሉልኝ። እርስዎ ይህንን «የአገልግሎት ጥቅም» ብለው በቀን ሠራተኛ ዋጋ አስልተውታል። እሳቸው ሲነበብላቸው አልተቆጡም፤ ሠላሳ በመቶው ስድስት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሆኑን ሲሰሙ፣ ስድስቱን ቀን ሙሉ ወልዲያ ድረስ መጥተው ሊያስታምምዎት ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸዋል። የጎደለው የእርስዎ መታመም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለጊዜው አንመኝልዎትም።

3. ስለ ምርኩዜ። ፍቅሩ ከወይራ አስጠርቦ ያመጣልኝ ነው። ሠላሳ በመቶው ከላይ ይሁን ከታች በዝርዝሩ አልተገለጸም። ከታች ብቆርጠው እንደ ጎበጠች አሮጊት ልሄድ ነው፤ ከላይ ብቆርጠው መያዣው ለእርስዎ ይደርስና ለእኔ እንጨቱ ይተርፈኛል። መጋዙን ተውሼ መመሪያዎን እየጠበቅኩ ነው።

4. ዝርዝሩ ፎቶ ኮፒ የተደረገበት ዋጋም መጨረሻው ላይ ተደምሯል። እዚህ ላይ ስደርስ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሣልዎት ነበር።

5. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ማሳሰቢያ ነው፤ የረሱት ነገር አለ። ከገጪው ወገን ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ስብራቱ ነው። ሥቃዩን፣ ማነከሴን፣ እንቅልፍ ማጣቴን ዝርዝሩ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት። እሱ ላይ ለእኔ መቶ በመቶ መተውዎ ልግስና ነው።

ሳቄ ግን እዚህ ላይ ያልቃል። እግሬ ውስጥ ያለው ብረት ተላቆ ቁስሉ መግል ይዟል። ሐኪሙ ግንቦት ሃያ ሦስት ቀጥሮኛል፤ ብረቱ ያኔ ካልወጣ እግሩን ማትረፍ እንደሚያስቸግር በግልጽ ነግሮኛል። የማሳከሚያው ገንዘብ ያለው እርስዎ ጋ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ፤ እግሬ ከሄደ ሱቄም አብራ ትሄዳለች። ከገዛ ወንድሞቼ አስበልጬ አምኜዎት ስለነበር በጣም አዝኛለሁ፣ አልዋሽዎትም።

ዝርዝሩ ላይ የማልፈርመው ስስት ይዞኝ አይደለም። በጉ ካሳ አልነበረም፤ ቂም እንዲወርድ የታረደ ነው። ፍቅሩ በዚያ ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ወጥቷል፣ እኔም በመኪናው አጠገብ ሳልፍ አላማትብም። ከዚህ ዕርቅ ላይ ሠላሳ በመቶ ይነሣ ከተባለ፣ የሚነሣው ቂም የሚያርፈው በእኔና በእርስዎ መካከል ነው። ጋሽ ንጉሴ ሁለት ጊዜ ቢልኩብዎት ለሽምግልና መምጣት የትራንስፖርትና የአበል ወጪ አለው ብለው መለሱ አሉ። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እዚሁ ሱቄ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ፣ ምሳ ግን የለም። ገንዘቤን ከዚያ በፊት ከለቀቁልኝ ደብዳቤውን በገዛ እጄ እገነጥለዋለሁ።

ላደረጉልኝ፣ ለበሉልኝና ለቆጠሩልኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ እግሬ በፈቀደልኝ መጠን እጅ እየነሣሁ፣

ያሸነፉላት ደንበኛዎ
እታፈራሁ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ንጉሴና ለሽማግሌዎቹ
ለወይዘሮ ማሚቴ
ለበጉ (ባለበት)

ሳልረሳው፦ ፍቅሩ በቀጠሮዬ ቀን ከመርሳ ደሴ በነፃ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቷል። ነገር ግን ይህም ከገጪው ወገን የተገኘ ጥቅም ስለሆነ፣ የእርስዎን ድርሻ እንዳንነካ ተቀምጠን ኪሎ ሜትሩን ስናሰላ፣ ሠላሳ በመቶው ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ግንቦት ሃያ ሦስት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቅ ከመኪናው እወርዳለሁና እዚያ ቢጠብቁኝ ደስ ይለኛል። ክብደቴ ከነብረቱ ስድሳ አንድ ኪሎ ነው። እስከዚያ የገጨኝ ሰው ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለጠበቃዬ ትቼዋለሁ።