ለሠርግሽ የተቀመጠው በርሜል

ለምወድሽ ልጄ ለያስና፦
የናፍቆት ሰላምታዬ ቪየና ድረስ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል።

ዘንድሮ ፕሪሙ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቶ ነበር። የፍሬው ጥንስስ ስለደረሰ ትናንት አረቄውን ማውጣት ጀመርን። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ከመፍለጥ በቀር ምንም አላስነካችኝም ነበር። ዘንድሮ ግን ሥራውን ለእኔ ለቀቀችልኝና ብርድ ልብስ ደርባ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር።

«መጀመሪያ የሚወርደውን ድፋው፤ ዓይን ያጠፋል። እያሸተትክ ለየው።»

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን አስጨነቀኝ?» አልኳት።

«አሽት አልኩህ ራዶዬ! አፍንጫህ ለማንኮራፋት ብቻ አልተፈጠረም።»

እየሳቅኩ አሸተትኩ። ሦስቴ ብሳሳትም እንደ ድሮዋ አልተቆጣችኝም። ሦስቴም ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በተወለድሽበት ዓመት ለሠርግሽ ያስቀመጠችውን የአረቄ በርሜል ክፈትልኝ አለች።

«ልጅቷ መች አገባችና?»

«እንዴት እንደወጣ ልወቅ።»

ከፈትኩላት። ከንፈሯን ብቻ አረሰች።

«ጥሩ ሆኗል» አለች። «ለሠርገኞቹ እናቷ ያወጣችው ነው በላቸው።»

«ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» ብላት፣ «እንጨት ጨምር፤ እሳቱ ሊጠፋ ነው» አለችኝ። ሄጄ ጨመርኩ። ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝና ደጅ ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ።

ለገና እመጣለሁ ማለትሽ ደስ ብሎናል። ግን በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው በዚሁ ወር ብትመጪስ? ይህን የጻፍኩልሽ እናትሽ ሳታውቅ ነው።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

አባትሽ ራዶዬ